ኮንትራት በውይይት ዋጋ

ጣቢያው ላይ ሰዎች ቆመው ነበር፤ እኛ የተሳፈርንባት መኪና ግን ፍጥነቷን እንኳ ሳትቀንስ አለፈቻቸው። ልጄ አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ «አባዬ፣ ምነው ጥላቸው ሄደች?» አለችኝ። የሚጠየቅ ሾፌር የለም። ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ የምንወርደው ሌላ ቦታ ስለሆነ እዚያ የሚያስቆማት ነገር አልነበረም። «ኮንትራት ይዘናት ነዋ» አልኳት።

ልጄ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ቃሉን አታውቀውም። እኔን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልለቅ ብሎኛል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ አርብ ቀን ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጧ በፊት ግቢውን ልታይ ፈለገች፤ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በማለዳ ተነስተን ተራራ ለተራራ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን ሞርጋንታውን፣ ዌስት ቨርጂኒያ ገባን። መኪናዬን መሀል ከተማ አቁመን ዋልነት የሚባለው ጣቢያ ወጣን። ፒ አር ቲ ይሉታል፤ ሲዘረዘር ፐርሰናል ራፒድ ትራንዚት፣ የግል ፈጣን ማመላለሻ እንደማለት ነው። መግቢያው ላይ የምትሄድበትን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ጥቂት ትጠብቃለህ፣ ወርቃማና ሰማያዊ የተቀባች ትንሽ መኪና መጥታ በሯን ትከፍታለች። ከዚያ በራሷ የኮንክሪት መንገድ ላይ፣ መካከል ያሉትን ጣቢያዎች በጎን እያለፈች፣ ያልካት ቦታ ታደርስሃለች።

እናቴ ኮንትራት ታክሲ ስትይዝ ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ አባቴ ሌሊት ታሞ ሆስፒታል ስታደርሰው፣ አንዴ እኔን ቦሌ ስትሸኝ። ሌላው ዘመኗ ያለፈው በውይይት ታክሲ ነው፤ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥማ፣ ዘንቢሏን እግሯ መሀል ሸጉጣ፣ «ወራጅ አለ!» በተባለ ቁጥር እየቆመች። ኮንትራት የያዘ ሰው የሚከፍለው ማንንም ላለመጠበቅ፣ መንገድ ላይ ላለመቆምና ደጁ ድረስ ለመድረስ ነው። እኔም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዋሽንግተን ውስጥ በታክሲ ስሸጥ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ስጀምር ሒሳቡ በዞን ነበር፤ በ2008 ሜትር ገባ፤ ቀጥሎ በስልክ የሚጠሩት መጡ። የምሸጠው ነገር ግን ያው ነው። ሞርጋንታውን ላይ ያንኑ ነገር ማሽን በ50 ሳንቲም ሲሸጠው አየሁ።

ኮረብታ መሀል

ከተማዋ ሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር፣ ኮረብታ ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተከፋፍሎ አንዱ መሀል ከተማ፣ ሌላው ኤቫንስዴል የሚባለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተማሪ የሚያመላልሱት አውቶቡሶች በጠባቡ መንገድ ላይ ከከተማው መኪና ጋር ይቆለፉ ነበር። ሳሚ ኤልያስ የሚባሉ የኢንዱስትሪ ምህንድስና ፕሮፌሰር ተማሪው ከመንገዱ በላይ በትናንሽ አውቶማቲክ መኪኖች ይሂድ የሚል ሐሳብ አመጡ፤ የፌዴራል መንግሥቱም ለመላው አገር ማሳያ ይሆናል ብሎ ገንዘቡን ሰጠ። መኪኖቹን የሠራው ቦይንግ ነው።

የምርጫ ዘመን ስለነበር ሥራው ተጣደፈ። ኦክቶበር 24 ቀን 1972፣ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ልጅ ትሪሻ በተገኘችበት ተመረቀ። ሕዝብ መጫን የቻለው ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1975 ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ብዙው ነገር እንደገና መሠራት ነበረበት። መጀመሪያ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በታች ያልቃል የተባለው ሥራ በ1979 አምስቱ ጣቢያዎች ተሟልተው ሲያበቃ ከ120 ሚሊዮን በላይ ወስዷል። ሌሎች ከተሞች ይህን ሒሳብ አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በአሜሪካ ሞርጋንታውንን የመሰለ ሌላ ከተማ ሳይገኝ ቀረ።

ይሁንና ይሠራል። ይህን ማለት የምፈልገው ስለ ፒ አር ቲ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ ሕልም ወይ ስድብ ስለሆነ ነው። እኔ የተሳፈርኩባት መኪና በላስቲክ ጎማ የምትሄድ፣ ኤሌክትሪኳን ከመንገዱ ጎን ካለ መስመር የምትወስድ፣ ስምንት መቀመጫ ያላት፣ ቆመው ከሚሄዱት ጋር 20 ሰው የምትይዝ ናት። ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ቧንቧ ተቀብሮበታል፤ ክረምት ላይ ትኩስ ፈሳሽ ይሄድበትና በረዶውን ያቀልጠዋል። ከዳር እስከ ዳር 5.8 ኪሎ ሜትር ነው። ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በቀን 15,000 ያህል ሰው ያመላልሳል። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር የሄድኩት፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይጫናል። መኪናዋ ግን ታጥፋ፣ ዳገት ወጥታ፣ ሆስፒታሉ ያለበት የመጨረሻው ጣቢያ ላይ በቀስታ ቆመች። ከዋልነት እስከዚያ አንድ ጊዜ አልቆምንም።

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ብቻውን አድርሻለሁ። እንዲያ የደረስኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

እስኪሞላ

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ሌላ ነገር ሆነ። ክፍል ተለቆ ጣቢያው በተማሪ ተሞልቷል። ቁልፍ ብትጫንም ለአንተ ብላ የምትመጣ መኪና የለችም፤ ሰሌዳው ላይ መድረሻው ይጻፋል፣ መኪና ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይሄዳል። እኛም ተገፍተን ገባን። የአንዱ ልጅ ቦርሳ ደረቴ ላይ ተለጥፎ፣ ልጄ ክንዴን ይዛ፣ በሩ ተዘጋ። ያን ጊዜ «ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» የሚለው የረዳቱ ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

አጠገባችን የቆመ ተማሪ ግራ መጋባቴን አይቶ አስረዳኝ። በተጨናነቀ ሰዓት መኪኖቹ ሰው በሚበዛባቸው ጣቢያዎች መካከል በፕሮግራም ይመላለሳሉ። ጸጥ ባለ ሰዓት ደግሞ ቁልፉን ስትጫን ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ወደዚያው የሚሄድ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆን አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። 15 ሰው ከተሰበሰበ ወዲያው መኪና ይላካል፤ ማንም ካልመጣ ብቻህን ትሄዳለህ። ጠዋት ዋልነት ላይ ቆመን የጠበቅናት ጥቂት ደቂቃ ለካ መኪናዋ ከሩቅ እስክትመጣ አልነበረም። ሰው እስኪሞላ ነበር። ማንም አልመጣም፤ እኔና ልጄ ኮንትራት የሆንነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቱሪስት ደስታ አልፎ ራሴን የያዘኝ። ማሽኑ አላታለለኝም፤ ማንኛውም ተራ አስከባሪ የሚያውቀውን ሒሳብ ነው የሠራው። ሞርጋንታውን ላይ በመኪናና በመኪና መካከል 15 ሰከንድ ያህል ክፍተት ይጠበቃል። በሰዓት 240 መኪና ማለት ነው። እያንዳንዷ 20 ሰው ከጫነች በአንድ አቅጣጫ 4,800 ሰው ያልፋል። እያንዳንዷ እንደ እኔና ልጄ ሁለት ሰው ከያዘች ግን 480 ብቻ። ስምንት ፉርጎ ያለው አንድ የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ያለ ብዙ መጨናነቅ አንድ ሺህ ገደማ ሰው ይይዛል። ኮንትራቱን ለሁሉም እሰጣለሁ ብትል ሰልፉ ወንዙ ድረስ ይወርዳል።

መፍትሔው መኪኖቹን ማቀራረብ ነው የሚሉ አሉ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ጄ. ኤድዋርድ አንደርሰን ዕድሜያቸውን ለዚህ ሐሳብ የሰጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ክፍተቱ ግማሽ ሰከንድ ድረስ ሊወርድ ይችላል ብለው ተከራክረዋል። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 13 ሜትር ያልፋል። ግማሽ ሰከንድ ከስድስት እስከ ሰባት ሜትር ነው፤ የመኪናዋ ርዝመት ራሱ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። የባቡር ደኅንነት ሕግ ደግሞ ከፊትህ ያለው እንደ ግድግዳ ባለበት ቀጥ ቢል እንኳ ሳትነካው መቆም አለብህ ይላል። በዚያ ፍጥነት የተቀመጠ ተሳፋሪ ሳይወረወር ለመቆም ሠላሳ ሜትር ያለፈ መንገድ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ከእኔ እግር ይፈጥናል፤ አምናለሁ። ግን ተሳፋሪ ይዤ ከፊቴ ባለው መኪና ጅራት ላይ በዚያ ርቀት ሄጄ አላውቅም፤ ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች «እሺ» ለማለት ለምን እንዳመነቱ ይገባኛል።

በ1990ዎቹ የቺካጎ አካባቢ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ከሬይተን ኩባንያ ጋር ሆኖ ሮዝሞንት የምትባል የኤርፖርት ጎረቤት ከተማ ላይ ፒ አር ቲ ሊሠራ አስቦ ነበር። ማሳቹሴትስ ውስጥ የሙከራ መስመር ተዘረጋ። ከሥራው ጋር መኪናዋ ከበደች፣ መኪናዋ ስትከብድ ድልድዩ ወፈረ፣ ድልድዩ ሲወፍር ዋጋው ወጣ፤ በመጨረሻ ተተወ። ቀላል ናት የተባለችው መኪና ቀላልነቷን ስታጣ የሐሳቡ ግማሽ አብሮ ይሄዳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ታይሰንስ

ይህን ሁሉ የማስበው ስለ አንዲት ሴት ነው። ታላቅ እህቴ፣ እቴቴ የምላት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፋ ትኖራለች። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ታይሰንስ አጠገብ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች። መንዳት አልደፈረችም። በመኪና፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ዋሽንግተንን በሚከበው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ዞሮ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ 25 ደቂቃ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ግን የሜትሮውን ሬድ ላይን ይዛ መሀል ከተማ ትወርዳለች፣ ሜትሮ ሴንተር ላይ ወደ ሲልቨር ላይን ትቀይራለች፣ እንደገና ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ከዚያ አውቶቡስ ካገኘች በአውቶቡስ፣ ካላገኘች በሰፊው መንገድ ዳር በእግሯ። ነጩን የሥራ ጫማዋን በላስቲክ ይዛ፣ የሚጨቀየውን ጫማ አድርጋ ነው የምትሄደው። በር ላይ ትቀይራለች።

ሜትሮ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1976 ነው፤ ሞርጋንታውን ሕዝብ መጫን ከጀመረ ስድስት ወር ሳይሞላ። ሁለት ልጆች በአንድ ዘመን ተወልደው አንዱ ትልቅ ሰው ሆነ፣ አንዱ ተወልዶ ባደገባት ከተማ ቀረ። ሜትሮ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሠራተኛውን ጠዋት ወደ መሀል ከተማ፣ ማታ ወደ ቤቱ ለማመላለስ ተሠርቶ ያንን ያደርጋል። እቴቴ ግን ከዳር ወደ ዳር ነው የምትሄደው፤ ያውም ሁሉ ሰው በሚተኛበት ሰዓት። ቤተስዳን በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ከኒው ካሮልተን የሚያገናኘው ፐርፕል ላይን የሚባለው 26 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ተሳፋሪ አልጫነም፤ ሲጫንም ከሜሪላንድ አይወጣም፣ ወንዙን አይሻገርም።

ፒ አር ቲ ቦታ ካለው እዚህ ነው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ አርብ ወዲህ ነው። ደጋፊዎቹ ሁልጊዜ የሚስሉት መሀል ከተማን ነው፤ ሕንፃ ለሕንፃ የተዘረጋ ቀጭን ድልድይ፣ በየሰከንዱ የምታልፍ ትንሽ መኪና። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ሰው ሲበዛ ኮንትራቱ ውይይት እንደሚሆን ነው። ሰው በሚበዛበትማ ባቡር አለን። የሌለን ሰው በሚያንስበት ነው፤ ማታ፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ በሚወርድበት ጣቢያ ላይ። 60 መቀመጫ ያለው አውቶቡስ ለሦስት ሰው በየአሥር ደቂቃው አይመጣም፤ የሾፌሩ ደመወዝ አይችለውም። በራሷ የምትሄድ አራት መቀመጫ ያላት መኪና ግን ለአንድ ሰውም ልትወጣ ትችላለች። ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው ይህን የመሰለ ነው፤ 3.8 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ 21 ትናንሽ መኪኖች፣ ከመኪና ማቆሚያ ተነስቶ ተርሚናል 5። ትንሽ ነው፤ ሰዎች የሚንቁትም በትንሽነቱ ነው። እኔ ግን ከታይሰንስ ጣቢያ እስከ መጦሪያው በር ያለው መንገድ ከዚያ እንደማይረዝም አውቃለሁ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ አንድ ክር ግን ዝንብ አይዝም። ፒ አር ቲ ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው መስመሮቹ ተጠላልፈው ከየትም ወደ የትም ሲወስዱ ነው፤ የመጀመሪያዋን ክር የሚዘረጋው ግን ጥቅሙን ሳያይ መክፈል አለበት። አቡ ዳቢ ውስጥ ማስዳር የሚባለው አዲስ ከተማ ሙሉ በሙሉ በዚህ እንዲዘዋወር ታቅዶ ነበር፤ ገንዘቡ ሲጠብ ሁለት የመንገደኛ ጣቢያ ላይ ቀረ። እዚያ ባዶ በረሃ ላይ ነው፣ ባለቤቱም አንድ ነው። የእኛ አካባቢ ዲሲ አለ፣ ሜሪላንድ አለ፣ ቨርጂኒያ አለ፤ በየመሀሉ ካውንቲ አለ። ሦስቱ ለአንድ ሜትሮ በጀት በየዓመቱ የሚያደርጉትን ክርክር የሰማ ሰው ወንዝ የሚሻገር አዲስ መረብ ማን እንደሚጀምር መጠየቁ አይቀርም። ድልድዩ በመስኮቱ ፊት የሚያልፍበት የቤት ባለቤትም የሚለው ነገር አለው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እናገር ነበር።

ባዶ ሩጫ

ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ሾፌር አልባው ታክሲ እየመጣ አይደል፣ ድልድይ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ዋይሞ የሚባለው ሾፌር አልባ ታክሲ ኩባንያ በ2026 ዲሲ ለመግባት ማቀዱን አስታውቋል። እንጀራዬ ነውና ነገሩን እከታተለዋለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ሌሊትም አለ። ነገር ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤልትዌይ ላይ የቆመ መኪና ሾፌር ኖረው አልኖረው ቆሟል። ሞርጋንታውን ላይ ያየሁት ዋና ነገር የሾፌሩ አለመኖር አይደለም። መንገዱ የራሷ መሆኑ ነው። ታች ቢቸርስት ጎዳና ላይ መኪናው ተደርድሮ ሲጠብቅ እኛ በላዩ አለፍን።

ሌላ ደግሞ አለ፤ ታክሲ የነዳ ብቻ የሚያውቀው። ጠዋት ሁሉም ወደ ከተማ ነው የሚሄደው፤ አድርሰህ ስትመለስ ባዶህን ነው። ባዶ ሩጫ እንለዋለን። የማሽን ታክሲም ከዚህ አያመልጥም፤ ሰው አውርዶ ባዶውን ወደሚቀጥለው ይሮጣል፤ ያ ባዶ ሩጫ ሁሉ የሚጫነው አሁን ባለን መንገድ ላይ ነው። የፒ አር ቲ መኪናም ባዶዋን ትመለሳለች፤ ግን የእቴቴን አውቶቡስ መንገድ አትዘጋም።

አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ መንገድ ሕዝብ የሚሰበሰብ ከሆነ ሄጄ መናገር የምፈልገው ይህን ነው። ስለ መሀል ከተማ አይደለም። ከባቡር ጣቢያ ወርዶ ሥራው በር እስኪደርስ ያለውን፣ ካርታ ላይ ጣት የማይሞላውን መንገድ፣ ለማታ ተረኛ ነው የምለምነው። ቦታውን ስለማውቀው የት ሊቆም እንደሚገባ በእጄ ማሳየት እችላለሁ።

ከሞርጋንታውን ከመውጣታችን በፊት ለእቴቴ ደወልኩላት። የማታ ተረኛ ስለሆነች ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች፤ ለዕረፍት ወጥታ አነሳችው። መኪናዋን፣ ድልድዩን፣ ጣቢያዎቹን ሳትቆም ማለፏን ነገርኳት። በደንብ አዳመጠችኝ።

«ሾፌር የለውም ነው የምትለው?»

«የለውም፣ እቴቴ።»

«ማታ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?»

በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቤ ነበር። «እስከ አራት ሰዓት ከሩብ» አልኳት።

«እኔ የምወጣው አምስት ሰዓት ነው። እሁድስ?»

«እሁድ አይሠራም።»

«ለምን? ሾፌር የለውም አላልክም?»

የሚጠግኑት ሰዎች አሉ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚቀመጡ አሉ፣ እሁድ ተማሪ የለም፤ ይህን ሁሉ ልነግራት ጀምሬ ተውኩት። ስልኩ ውስጥ አንዲት አሮጊት በእንግሊዝኛ ስትጣራ ይሰማል። «መጣሁ» አለቻት፤ ወደ እኔም ተመልሳ «ዛሬ ትደርስልኛለህ ወይስ በባቡር ልምጣ?» አለችኝ። ሰዓቴን አየሁ። ልጄን ቤት ካወረድኩ በኋላ እደርሳለሁ አልኳት።

አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ በሩ ተከፈተ፤ ነጩን ጫማ ሳትቀይር ወጣች። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌላት ነበር፤ ድልድዩን ሳንሻገር እንቅልፍ ወሰዳት።